የመካከሏ «ስ»

ጎንጂ ላይ፣ በሐምሌ፣ ጭቃው ጫማ እያስወለቀ፣
የድንች ዘር ያመጣው ሆላንዳዊ ከቅኔ ቤቱ ዘለቀ።
ዝናቡ ነው ያስገባው፣
ምርጥ ዘሩን በሸራ ሸፍኖ ራሱን ለውሽንፍር የተወው።
እኔ አስተርጓሚው ነኝ፣ በቀን አበል የምናገር፣
ከዚሁ ግቢ የኮበለልሁ፣ ሚበዝኁን ሳልሻገር።

የኔታ ዳምጤ ከአጎዛቸው ቀና ብለው «ስሙ ማን ነው?» አሉኝ።
«ኄርት» አለ፣ ጉሮሮውን በአሸዋ እንደሚያጥብ ሰው።
የኔታ ተንከተከቱ፤ «ኄርት በግእዝ ደግ ሴት ናት!
ይህንን ጺም ያየ ሰው እንዴት አድርጎ ይመናት?»
ከዚያ ሳቃቸው ቆመ።
«ድገመውሳ!» አሉት፤ ደገመ።
«ይች ብዙኃኑ ኀ ናት! በጽሑፍ ብቻ ያኖርናት፣
ከሃሌታው ጋር አዳብለን ድምጿን አፍ ውስጥ የቀበርናት።
ባሕር ማዶ ማን ወሰዳት?»

ኄርት፣ ጨዋታ ቢቸግረው፣
«ይህ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ነው?» ሊል ፈልጎ
ቃሉን በራሱ ቋንቋ አለው፦
«ኆትስዲንስት»።
«እስቲ እንደ ድንችህ ልጥልኝ» አሉት።

በእርጥቡ መሬት ላይ በጣቱ ከፈለው።
«‹ኆት› አምላክ ነው።
‹ዲንስት› አገልግሎት፣ መታዘዝ፣ ለሌላ ማደር።
በመካከል ያለችው ‹ስ› የማን እንደሆነ ትነግራለች፤
ባሪያውን ከጌታው ታስራለች።»

«እናንተ ዘርፉን ታስቀድማላችሁ፣ ግእዝ ያስከትለዋል፤
ወርቁ ግን ከአንድ ጉድጓድ ወጥቷል።
‹ቅኔ›ም እኮ ‹ተቀንየ› ካለው ነው፤
ተገዛ፣ አገለገለ።
የአገርህ ሰዎች እኛን ሳያዩ
ሃይማኖታቸውን ቅኔ ብለውታል!»

ልየው የሚባል ተማሪ ከጥግ ጉሮሮውን ጠረገ፦
«የኔታ፣ ያችን ‹ስ› እኔ ልፍታት?
እሷ የምትጠይቅ ናት።
ቅዳሴው ወጥቶ፣ ደወሉ አርፎ፣ ሰው ጠበሉን ጠጥቶ ሲሄድ፣
‹አምላክስ?›
ብላ ደጁ ላይ የምትቀር።»

ይህን ስተረጉምለት ኄርት ብዙ ዝም አለ።
«እኔ አላምንም» አለ ቆይቶ።
«አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር፤
እሑድ ብስክሌት መንዳት በቤታችን ነውር ነበር።
ለእኔ የቀረኝ ስሙ ነው፣ ማክሰኞ፣ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣
በትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ በኖራ የተጻፈ።
ድንቹ ተበልቶ ያለቀ ጆንያ።»

የኔታ አላጽናኑትም። ሌላ ቅርንጫፍ ጎተቱ፦
«ከዚሁ ግንድ ‹ቅኝ› ወጥቷል፣ ቅኝ ግዛት የምንለው።
የእናንተስ ‹ዲንስት›? እንዲህ ያለ ልጅ አለው?»

እዚህ ላይ አመነታሁ። አበሌ ታየኝ።
ተረጎምሁት።

«አያቴ ጃዋ በምትባል ደሴት ጠመንጃ ይዞ ሦስት ዓመት ኖሯል፤
ወረቀቱ ‹ዲንስት› ይላል።
በቤታችን የሚያነሣው የለም፤ ከሣጥን ግርጌ ይውላል።»

ጣሪያው መንጠባጠቡን ተወ።
የኔታ ከኪሱ የወጣውን አንድ ድንች አገላብጠው
ዓይኖቹን በአውራ ጣታቸው ቆጠሩ።
«ሰባት። ስትዘራው በዓይኑ ነው የምትቆርጠው፣ አይደል?
ቃልም ዓይኑን አውቀህ ከቆረጥኸው
ቀብረኸው ብትሄድ አይሞትም።
ክፉውም ደጉም ነው የሚበቅል።»
ድንቹን መለሱለት። ለመትከል እንደሆነ፣ ለመብላት፣ አልነገሩትም።

ልንወጣ ጎንበስ ስንል ወደ እኔ ዞሩ።
የተማሪነት ስሜን አልጠሩም፣ አልተቆጡም፣
«አንተስ?» ብቻ አሉኝ።

ኄርት መኪናው ውስጥ ጫማውን በእንጨት እየፋቀ
«ሲሰናበቱህ ምን አሉ?» ብሎ ጠየቀ።
«በደህና ግቡ» አልሁት።